የጆሮ ሐኪሙ ዛጎል

ወንድምየው «ውሃ ልክ» ይባላል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሙያ ጓደኞቹ ናቸው፤ ሰው ቤት ሲገባ ሰላም ከማለቱ በፊት ግድግዳው ላይ ዘመም ያለውን ፎቶ ያቃናል። እህቱ «ጎባጢት» ናት። ይህንን ስም ደግሞ ያወጣላት እሱ ራሱ ነው። ጀርባዋ ምንም አልሆነም፤ የጎበጠው ሥራዋ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው የጎበጠ ቅርጽ በስሌት ተነድፎ፣ ከጠፍጣፋ እንጨት በማሽን ተቆርጦ እንዴት እንደሚገጣጠም ነው። የተመረቀች ዕለት ወንድሟ «እና አሁን ምንድን ነሽ?» አላት። እሷ ረጅም ማብራሪያ ሰጠች። እሱ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አዳመጠና «በአጭሩ፣ ቀጥ ያለ ነገር አያስችልሽም» ብሎ ዘጋው።

የሚሠሩት እናታቸው ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ባለው የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ሥራው ቁም ሣጥን፣ የወጥ ቤት መደርደሪያና በር ነው፤ ለውጥ ሲያምራቸው ደግሞ በር፣ የወጥ ቤት መደርደሪያና ቁም ሣጥን። የቤቱን እኩሌታ የያዘው በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን ነው። ጠፍጣፋውን የኮምፔንሳቶ እንጨት ገበታው ላይ ያነጥፉለታል፣ ስለቱ ከላይ ወርዶ የተነገረውን ይቆርጣል። ወንድምየው የገዛው የቁም ሣጥን በር ቶሎ ቶሎ እንዲያወጣለት ነው። እህትየው ግን ማሽኑ አራት ማዕዘን ሲቆርጥ ባየች ቁጥር አንጀቷ ያርራል።

«ይኼ ማሽን እኮ የዓሣ ነባሪ ጀርባ መሥራት ይችላል» ትላለች።

«ዓሣ ነባሪ ልብስ የለውም» ይላታል፤ «ቁም ሣጥን አያሠራም።»

እዚህ ቤት ሥራ የሚፈተሸው በጭቅጭቅ ነው። ሌላው ጋ ተቆጣጣሪ፣ ፊርማ፣ ማኅተም አለ፤ እነሱ ጋ ጩኸት አለ። «ለካሽው?» «ለክቼዋለሁ!» «በየት በኩል?» «አንተ ካላመንክ ራስህ ለካዋ!» «እኔማ ለክቼ ነው የምጠይቅሽ!» እንዲህ ተባብለው የቆረጡት በር ተጣሞ አያውቅም። ጎረቤቶች መስኮታቸውን ይዘጋሉ እንጂ ደንበኞች ቅሬታ የላቸውም።

የእናታቸው ጆሮ ከደከመ ቆይቷል። እሳቸው ይህንን አይቀበሉም፤ «የዘንድሮ ሰው ያንሾካሹካል» ነው የሚሉት። በልጆቻቸው ጉትጎታ አንድ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ክሊኒኩ ውስጥ ተራ የምትጠራ ሴት አለች። ታካሚዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ይደረደራሉ፤ እሷ ከጠረጴዛዋ ሆና ስም ትጠራለች፤ ማንም አይነሣም። ጆሮው የማይሰማን ሰው በስሙ ጠርቶ ማስገባት የማን ሐሳብ እንደሆነ አይታወቅም። ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር፤ ታካሚዎቹ ግን መነጽራቸውን ቤት ረስተው የሚመጡ ዓይነት ናቸው። ተራ ጠሪዋ ከመጮኋ ብዛት ጉሮሮዋ ታሞ፣ አለቃዋ የጉሮሮም ሐኪም በመሆኑ እዚያው ትታከማለች።

እናትየው ተራቸው ደጋግሞ አልፏቸው በመጨረሻ ሲገቡ፣ ሐኪሙን ተቆጥተው «ያቺን ልጅ ድምፅ ስጧት እንጂ!» አሉት።

ሐኪሙ ከልቡ አዘነ። «እናቴ፣ ምን ላድርግ? እኔ የምመኘው ከጀርባዋ እንደ ጆሮ የጎበጠ ነገር ቢኖር ነው። ድምፅዋን ሰብስቦ ወደ አግዳሚው ወንበር የሚወረውርላት። ግን ማን ይሠራዋል? አናጺ ሁሉ ቁም ሣጥን ነው የሚያውቀው።»

ይህንን እናትየው ጥርት አድርገው ሰሙት። «የእኔ ልጅ ትሠራዋለች» አሉ።

እህትየው ዜናውን ስትሰማ ምሳዋን ትታ ወደ ኮምፒውተሯ ሮጠች። ወንድምየው ምሳውን ጨርሶ መጣ፤ አጠገቧም ቆሞ ውሉን አስቀመጠ።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አላት። «ከተበላሸ ያንን የመጎበጫ ፕሮግራምሽን ከኮምፒውተሩ ታጠፊዋለሽ። ከዚያ በኋላ ስለ ጎባጣ ነገር ቃል አይወጣሽም። እስክናረጅ ቁም ሣጥን።»

«ከተሳካስ?»

«ከተሳካ እናያለን።»

«እናያለን የሚባል ነገር የለም! ከተሳካ ጎባጣም የዚህ ቤት ሥራ ይሆናል። እንደ በሩ፣ እንደ መደርደሪያው።»

ወንድምየው ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ቀጥ ያለ ነው፤ አጽናናው። «እሺ» አላት።

ለእሷ ቀልድ አልነበረም። አብረዋት የተመረቁት ስክሪን ላይ ውብ ውብ ቅርጽ እየነደፉ አንዱ ለሌላው ያሳያል። እውነተኛ ማሽን የሚያስነካት ሌላ ሰው አታውቅም። ይህ ከተበላሸ፣ የተማረችው ሁሉ የኮምፒውተር ስክሪን ማስጌጫ ሆኖ እንደሚቀር ገብቷታል።

ችግሩ የመጣው ከእናትየው ነው፤ ያውም በቅን ልብ። ሁለቱንም ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው፣ «ሐኪሙ ፊት እንዳታዋርዱኝ» አሉ። «ይኼ ሥራ እስኪያልቅ ስትጨቃጨቁ እንዳልሰማ።» አይሰሙም ብሎ መናቅ አይቻልም፤ በታች ያለውን ጭቅጭቅ በእግራቸው በኩል፣ ከወለሉ ነው የሚያውቁት። ልጆቹ ማሉላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ቤት የኤምባሲ ግብዣ መሰለ።

«እባክሽ፣ መለኪያውን ታቀብዪኛለሽ?»

«ምን ገዶኝ። ይኸው።»

«እጅግ አመሰግናለሁ።»

ማሽኑ እንኳ ግራ የተጋባ ይመስል ነበር።

እህትየው ዛጎሉን ነደፈች። ዛጎል ያለችው እሷ ናት፤ ሐኪሙ «ጆሮው» ይለዋል፣ ወንድምየው «ያ ነገር»። ከሰው ቁመት ትንሽ ያጠረ፣ ከላይ ሰፊ ከንፈር ያለው፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ገበታ ነው፤ አንዱ ጎኑ ደግሞ ወደ ፊት ይታጠፋል። ተራ ጠሪዋ ስትቀመጥ አግዳሚው ወንበር በቀኟ ነው፣ የሐኪሙ ክፍል በር በግራዋ። ስለዚህ ዛጎሉ ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ በግራ በኩል ታጥፎ፣ ድምፁን ወደ ቀኝ መመለስ ነበረበት። እህትየው ከተራ ጠሪዋ አፍ የሚወጣውን ድምፅ ስክሪኑ ላይ በመስመር እየሣለች፣ እያንዳንዱ መስመር ዛጎሉን ገጭቶ ታካሚዎቹ ጆሮ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ቅርጹን ስትገፋና ስትስብ ሰነበተች።

ወንድምየው አንድ ቀን በትሕትና ጠየቃት። «ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ኮምፔንሳቶ ጠፍጣፋ ነው። ይኼ ነገር ደግሞ በዚህም ጎብጧል፣ በዚያም ጎብጧል። እንዴት ነው የሚሆነው?»

«ሐብሐብ በጋዜጣ ጠቅልለህ ታውቃለህ?»

«ይጨማደዳል።»

«አዎ። በሰፊው ከጠቀለልከው ይጨማደዳል። ጋዜጣውን ቀጫጭን አድርገህ ብትቀደው ግን፣ እያንዳንዱ ጥብጣብ ሳይጨማደድ ሐብሐቡ ላይ ይተኛል። እኔም ዛጎሉን ጥብጣብ ጥብጣብ አድርጌ እከፋፍለዋለሁ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ጥብጣብ ዘርግቶ ጠፍጣፋ ያደርግልኛል። አንተ ትቆርጠዋለህ፤ ከዚያ አጉብጠን ጎን ለጎን እናያይዘዋለን።»

«በጣም ግሩም ማብራሪያ ነው» አላት። በሌላ ጊዜ ቢሆን «ሐብሐቡንስ ማን ይበላዋል?» ይል ነበር።

አሁን አንድ ነገር መነገር አለበት፤ ሁሉም መዘዝ የመጣው ከዚያ ነው። የማሽኑ ስለት ከላይ ሲወርድ የእንጨቱን የላይ ገጽ ይቦጫጭረዋል። ስለዚህ ያማረው ፊት ወደ ታች፣ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ይነጠፋል። ይህ ከሆነ ሥዕሉ ከመቆረጡ በፊት መገልበጥ አለበት፤ ልክ በመስታወት እንደሚታይ፣ ግራው ቀኝ መሆን አለበት። አለዚያ እንጨቱ ተቆርጦ ፊቱ ሲገለጥ ሁሉም ነገር በተቃራኒው ይወጣል፤ ለቀኝ እግር ታዝዞ ለግራ እግር እንደተሰፋ ጫማ። ለቁም ሣጥን በር ይህ ምንም አይደለም፤ አራት ማዕዘን ቢገለብጡት አራት ማዕዘን ነው። ለዛጎል ግን ሁሉም ነገር ነው።

እህትየው ሥዕሉን ኮምፒውተሯ ላይ ገለበጠችው። አልተናገረችም፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን «ገልብጬዋለሁ፣ እንዳትነካው!» ብላ ትጮህ ነበር፣ አሁን ግን ያ ጭቅጭቅ መጫር ሆነባት። ወንድምየው ደግሞ ሥዕሉ ማሽኑ ጋ ሲደርሰው፣ «ይቺ ልጅ መገልበጡን ረስታዋለች፣ አሁን ብጠይቃት ይከፋታል» ብሎ አሰበ። ማሽኑም ላይ የመገልበጫ ቁልፍ አለ። በዝምታ፣ በወንድም ፍቅር ተጫነው። ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ሸሚዝ ምን እንደሚሆን ልብስ አጥቦ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ጥብጣቦቹ ተቆረጡ። እርስ በርሳቸው ፀጉር እንኳ በማያስገባ ልክ ገጠሙ። ለምን አይገጥሙም? አንድ ላይ ነው የተሳሳቱት። እህትየው ሲያያይዙት አለማስተዋሏ ሊያስገርም ይችላል፤ ግን ያንን ቅርጽ ስክሪኑ ላይ ከፊትም ከኋላም፣ ከላይም ከሥርም ስታሽከረክረው ስለከረመች፣ በየትኛውም በኩል ቢታያት አዲስ አልሆነባትም።

ክሊኒኩ ለጠዋት ተዘግቶ፣ ታካሚዎች ከሰዓት እንዲመጡ ተነግሮ፣ ዛጎሉ ተሰቀለ። እናትየው ድምፁን ሊፈትኑ አግዳሚው ወንበር መካከል ላይ ተሰየሙ። ሐኪሙ ዛጎሉን እየዞረ አደነቀ፣ ደባበሰው፣ «እንዴት ያለ ጆሮ ነው!» አለና ስልክ ሲጠራው ወደ ክፍሉ ገባ። የታፈነ ክፍል ስለማይወድ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው።

«በይ ጥሪ፤ ሳትጮሂ» አለች እህትየው።

ተራ ጠሪዋ ወንበሯን አስተካክላ ተቀመጠች። «ተረኛ ይግቡ» አለች፣ ሰው ቤት ውስጥ በሚናገርበት ድምፅ።

እናትየው የአምፖሉን ብዛት ይቆጥራሉ።

«ተረኛ! ይግቡ!»

እናትየው አሁን የወለሉን ንጣፍ ወደማየት ተሸጋገሩ።

ተራ ጠሪዋ ሰለቻት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ክርኗን አሳርፋ ለራሷ አጉረመረመች። «ጆሮ የሚያስፈልገው ለግድግዳው ነው? የዓመት ፈቃድ ስጠኝ እያልኩ ስለፈልፍ መቼ ሰምቶኝ ያውቃል፣ ያ ድንጋይ።»

«የሚቀጥለው ወር ትወስጃለሽ ብዬሻለሁ እኮ!» አለ ሐኪሙ ከክፍሉ ውስጥ። ትንሽ ቆየና፣ «ድንጋይ?» አለ።

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ተራ ጠሪዋ ከአንገቷ እስከ ፀጉሯ ቀላች፤ አፏን በመዳፏ ከደነች። ከዚያ ዓይኗ ፈጠጠ። ሐኪሙ ወደ ስልኩ ተመልሶ ነበር፤ ሚስቱን ነው የሚያዋራው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን አፉ ላይ ጋርዶ ነበር፤ ለተራ ጠሪዋ ግን ትከሻዋ ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ያህል ይሰማታል።

«እናትሽ ጋ ለምሳ አልደርስም፣ የኔ እመቤት። ከባድ ቀዶ ጥገና አለብኝ… አዎ… እኔም በጣም አዝናለሁ።»

«ዶክተር፣ ዛሬ እኮ ቀዶ ጥገና የለብዎትም!» አለች ተራ ጠሪዋ። ተንኮል ይሁን ለሥራ ያላት ታማኝነት እስከ ዛሬ አልተለየም።

ሐኪሙ ስልኩን ዘግቶ ብቅ አለ። የራሱ ጆሮዎች ቲማቲም መስለዋል።

«ይኼ ነገር ምንድን ነው?» አለ። «እዚያ ውስጥ ሰዎች የማይነገር ነገር ይነግሩኛል! የታካሚ ምሥጢር አለብኝ!»

«እኔ በበኩሌ እንደዚህ ሆኖ ቢቀር ተስማምቶኛል» አለች ተራ ጠሪዋ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ! ታካሚዎች ከመምጣታቸው በፊት ይነሣልኝ። የሚነሣም ከሆነ እንዳይመለስ።»

እህትየው አሁን ገና ዛጎሉን አየችው። የታጠፈው ጎን በተራ ጠሪዋ ቀኝ ነው። በግራ ነበር መሆን ያለበት። ድምፁን ወደ ሐኪሙ በር ነው የሚወረውረው፤ የሐኪሙንም ድምፅ በመጣበት መንገድ ወደ ተራ ጠሪዋ ይመልሰዋል። ስሌቱ አንዳች ስህተት አልነበረበትም። በጣም በትክክል፣ ለተሳሳተ ሰው ይሠራል።

«ተገልብጧል» አለች።

ወንድምየው ክንዷን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወሰዳት። «አይዞሽ» አላት። ይህ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጣት እሱ ነው። «ይሁን። ሞክረሻል። ቁም ሣጥንም ክፉ ሥራ አይደለም።»

እህትየው ኮምፒውተሯን መስኮቱ ደፍ ላይ ከፈተችው። ሥዕሉን አየች፤ ዓይኗን አሸች፤ ደግማ አየች።

«እኔ ገልብጬዋለሁ።»

«ምን?»

«ሥዕሉን። ገልብጬ ነው የላኩልህ። ይኸው!»

ወንድምየው ስክሪኑን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ጫማውን ተመለከተ።

«እኔም ገልብጬዋለሁ» አለ።

«አንተ ምን አደረግክ?»

«የረሳሽ መስሎኝ ነዋ! እንዳይከፋሽ ብዬ—»

«እንዳይከፋኝ! መቼ ነው አንተን የኔ መከፋት ያሳሰበህ? ለምን አትጠይቀኝም?»

«እማዬ አትጨቃጨቁ አለቻ!»

«መጠየቅ ጭቅጭቅ ነው?»

«ከአንቺ ጋር ነዋ! አንቺስ ገልብጬዋለሁ ብትዪ ምን ነበረበት? ሌላ ጊዜ ሳልነካሽ መንደሩን በጩኸት ትቀሰቅሺ የለም?»

ሁለቱም መጮህ ጀመሩ። ታፍኖ የከረመ ጭቅጭቅ ነውና ቶሎ የሚቆም አልነበረም። መለኪያው፣ ኮላው፣ «እጅግ አመሰግናለሁ»ው፣ በልጅነታቸው የተሰበረ ብስክሌት ሁሉ ተነሣ። አግዳሚው ወንበር ላይ እናትየው እግራቸውን ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርገው እንደገና አሳረፉት።

«እኔን ተይኝና ያንን ነገር አድኚው!» አለ ወንድምየው። «ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ከተበላሸ ሦስተኛ ገልብጪዋ!»

«የተቆረጠ እንጨት በቁልፍ ይገለበጣል? እንጨት ነው እኮ!»

«እንግዲያው በአናቱ አቁሚው! እኔ ምን አውቄ!»

እህትየው ግራ እጇን አንሥታ መዳፏን ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ለጠፈች፣ ጣቶቿ ወደ ላይ። አውራ ጣቷ ወደ ቀኝ ያያል። ከዚያ ክርኗን ወደ ላይ አዙራ ጣቶቿን ወደ ታች አደረገች። አውራ ጣቷ አሁን ወደ ግራ ያያል።

«ምን እየሆንሽ ነው?»

«እጅህን ለጥፍ። ግራህን። አሁን አዙረው።»

ወንድምየው ለጠፈ፣ አዞረ። «እሺ፣ ትከሻዬን አመመኝ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ በአናቱ እናቆመዋለን። ግራና ቀኙ ይስተካከላል። የሚበላሸው ላይና ታቹ ብቻ ነው።»

ተራ ጠሪዋ ጭቅጭቁ ለምን ጸጥ እንዳለ ልታይ ስትመጣ፣ ወንድምና እህት እጃቸውን በግድግዳው ላይ ዘቅዝቀው ቆመው አገኘቻቸው። ዶክተሩ የነርቭ ሐኪም የሚያውቅ እንደሆነ ልትጠይቅ ተመለሰች።

እህትየው መስኮቱ ደፍ ላይ ሆና ስሌቱን እንደገና ሠራች። ዛጎሉ በአናቱ ሲቆም ድምፁ ወደ አግዳሚው ወንበር ይሄዳል፣ ግን ከታካሚዎቹ አናት በላይ ያልፋል። አንድ ስንዝር ዝቅ ቢል ጆሮአቸው ላይ ያርፋል። ዝቅ ካለ ደግሞ፣ አሁን ወደ ታች የሚሆነው ሰፊ ከንፈር ከተራ ጠሪዋ ጀርባ ያለውን የካርድ መደርደሪያ ይነካል።

ሐኪሙን ያሳመነችው እሷ አይደለችም፤ እናትየው ናቸው። «ልጄ፣ አንተ ሰው ትቀድዳለህ አይደል?» አሉት። «አንዴ ቀድደህ ያላማረህ እንደሆነ እንዲሁ ትተኸው ትሄዳለህ?» ሐኪሙ ሰዓቱን አየ፤ ቀሪውን ጠዋት ፈቀደላቸው።

ዛጎሉን የያዙት ሁለት እንጨቶች የወንድምየው ሥራ ናቸው። የብሎን ቀዳዳዎቹን ከላይና ከታች እኩል ነው የበሳቸው፤ ማንም አላዘዘውም፣ እኩል ያልሆነ ነገር ሆዱን ስለሚቆርጠው እንጂ። ስለዚህ ሲዘቀዘቅ ያለ አንዳች ክርክር ገጠመ። አንድ ስንዝር ወረደ። የቀረው ከንፈሩን የሚነካው የካርድ መደርደሪያ ነው። እህትየው ጎኑ ላይ በእርሳስ የከንፈሩን ቅርጽ ሣለችበት፣ የተለጠጠ፣ መሐሉ ላይ ሰርጎ የሚወጣ መስመር። ማሽኑ ያለው ቤት ነው፤ እዚህ ያላቸው የእጅ መጋዝ ብቻ ነው።

«እኔ ልቁረጠው?» አለችው።

«አንቺ መጋዝ ስትይዢ እኔ ቤት ውስጥ አልቆምም።»

ተንበርክኮ ቆረጠው። በሕይወቱ በእጁ የቆረጠው የመጀመሪያው ጎባጣ መስመር ነው። ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ መጋዙን በየመታጠፊያው እያባበለ ሄደ።

«ወደ ውስጥ! ወደ ውስጥ ግባ!»

«እየገባሁ ነው!»

«መስመሩን በላህ!»

«መስመርሽ ነው የወፈረው! እርሳስ ቅረጪ!»

«ሁለታችሁም ቀስ!» አለ ሐኪሙ፤ ጎንበስ ብሎ ባትሪ ያበራላቸው ነበር፣ የታካሚ ጉሮሮ የሚያይባትን።

ሲያልቅ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ሐኪሙ ወደ ክፍሉ ገባ፣ በሩንም እንደ ልማዱ ገርበብ አደረገ። እናትየው ወንበራቸው ላይ ናቸው። እህትየው እጇን አጣምራ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ጥፍሯ ክንዷ ውስጥ ገብቷል። ተራ ጠሪዋ ተቀመጠች። አኩርፋለች፤ እንደ ትንሽ ልጅ በለሆሳስ፣ ከንፈሯን ሳታላቅቅ፣ «ተረኛ ይግቡ» አለች።

«ምን ያስጮኽሻል፣ ልጄ? እየሰማሁ ነው!» አሉ እናትየው ተቆጥተው።

ተራ ጠሪዋ ዘወር ብላ ወደ ሐኪሙ በር አየች። «ድንጋይ» አለች፣ በዚያው ድምፅ። ከውስጥ መልስ አልመጣም። እናትየው ግን «ማንን ነው?» አሉ።

ሐኪሙ ወጥቶ ሲነገረው ደስ አለው፤ ምን ተብሎ እንደተፈተነ አልነገሩትም። ከዚያ ራቅ ብሎ ዛጎሉን ተመለከተ፣ አንገቱን ወደ አንድ ትከሻው ጣል አደረገ።

«ጆሮው ተዘቅዝቋል» አለ።

«አዎ፣ ዶክተር» አለች እህትየው።

«ጆሮ ስሠራ ታካሚዬን አስተኝቼ በራስጌው በኩል ነው የምቀመጠው» አለ ሐኪሙ፤ ለሷ ሳይሆን ለራሱ። «ሁልጊዜ የማየው እንዲህ ነው። ጆሮ ቀጥ ብሎ ካየሁ ይምታታብኛል።» አንገቱን መለሰ። «እንዲሁ ይቅር። እንዳትነኩት።» በማግስቱ ለሚመጣው ሁሉ ሆን ብሎ እንዲህ እንዳሠራው ይናገር ጀመር፤ በሳምንቱ ራሱም አመነው። የከፋት ተራ ጠሪዋ ብቻ ናት። «መጀመሪያ ነበር ያማረው» ትላለች እስካሁን።

ወደ ቤት ሲመለሱ እህትየው መኪናው ውስጥ ታግሳ ታግሳ፣ «እና?» አለች።

«ምን እና?»

«ውሉ።»

«ያ ነገር እኮ በአናቱ ነው የቆመው።»

«ይሠራል አይሠራም?»

እናታቸው ከኋላ ሆነው የመኪናው ሞተር ለምን እንዲህ እንደሚጮህ ጠየቁ፤ ወንድምየው ለዚያ በዝርዝር መለሰ።

በማግስቱ ሁለቱም ሥራ ላይ ነበሩ። እህትየው የቁም ሣጥን በር ትነድፋለች፤ ፕሮግራሟን አላጠፋችውም፣ ግን አልከፈተችውም። የወንድምየው ስልክ ጮኸ። ማሽኑን አጠፋና አነሣው። የደወለው ዛጎሉን የጆሮ ሐኪሙ ጋ ያየ ሰው ነው፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለው፤ ጣሪያ ይፈልጋል፣ የሚያስተጋባውን አዳራሹን ጸጥ የሚያሰኝ ጎባጣ ጣሪያ።

እህትየው እጇ ከማውሱ ላይ ሳይነሣ ጀርባዋን ሰጥታ ታዳምጣለች።

«ጎባጣ?» አለ ወንድምየው። ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዛወረ። «አዎ… እንሠራለን። በር፣ መደርደሪያ፣ ጎባጣ።» ትንሽ አዳመጠና ፊቱን አጨማደደ። «በስንት በኩል ይጎብጥ ነው የሚሉኝ? ኧረ እሱን ለእኔ አይንገሩኝ፣ ጌታዬ። እኔ የማውቀው ቀጥ ያለውን ነው። ቆይ፣ ባለሙያዋን ላገናኝዎት።»

ስልኩን እህቱ ፊት ዘረጋው። እሷ ስትቀበለው እሱ አልለቀቀውም፤ መናገሪያውን በአውራ ጣቱ ከድኖ፣

«ጣሪያ ሲሆን ከታች ነው የሚታየው» አላት። «ፊቱ የትኛው እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቂው። በኋላ አልሰማሁም እንዳትዪኝ!»

«ልጠይቀው ነው! ስልኩን ልቀቅልኝ!»